ፀሐይ ላይ ስንቆይ ለምን ድክም ይለናል? ከውሃ እስከ ደም ማነስ

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ማለዳ ውርጭ ይዟት ታድራለች። አራት ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለደረሰ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ከጠዋት ይጀምራል። ደጋም ይሁን ቆላ ግን አንድ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል፦ «ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየሁ ቀኑን ሙሉ ዝልፍልፍ እላለሁ።» አንዱ «ምች ነው» ይላል። ሌላው «ቪታሚን አንሶህ ነው» ብሎ ፋርማሲ ይልካል። ሦስተኛው «ደም አንሶሽ ነው» ይልና ቀይ ሥር ብዪ ይላል።

ሦስቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ከመጨረሻው እንጀምራለን። ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጣን፣ ቁርስ በልተን እንደወጣን ሳንጠይቅ ክኒን ፍለጋ እንሄዳለን። እዚህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ፀሐይ ላይ ስንሆን ሰውነታችን ምን ይሠራል?

ሰውነታችን ሙቀቱን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለማቆየት ይታገላል። ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሞቃቱ ደም ወደ ቆዳ ይመጣና ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ያልበናል። ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ደሙ ወደ ቆዳ ሲሄድ ለጡንቻና ለአንጎል የሚደርሰው እንዳይጎድል ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት አለባት። የደም ሥሮች ስለሰፉ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል። ፀሐይ ላይ ቆይተን ብድግ ስንል ዓይናችንን ጨለም የሚያደርገን፣ ራሳችንን የሚያዞረን ለዚህ ነው። «ምንም ሳልሠራ፣ ቁጭ ብዬ ደከመኝ» የሚል ሰው ልክ ነው፤ እጁ አልሠራም። ልቡ ግን ስትሠራ ውላለች።

ስለዚህ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ለሰዓታት ውሎ ድካም መሰማቱ ጤነኛ ሰውም ላይ ያለ ነገር ነው። ጥያቄው የሚነሳው ሌላው ሰው ምንም ሳይሆን አንዱ በግማሽ ሰዓት ሲዝል ነው። ጭነት የበዛባት አህያ ሜዳ ላይ ከሌሎቹ እኩል ትሄዳለች፤ የጣርማ በርን ዳገት ስትይዝ ነው ጭነቷ የሚታወቀው። ፀሐይም ለሰውነት ዳገት ናት። አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱን እሷ አታመጣውም፤ የነበረውን ታወጣዋለች።

በዚያ ብርድ አገር ፀሐይ እንዴት ያደክማል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራውም ይቀንሳል። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጨረሩ ብርቱ ነው ማለት ነው። መንዝም፣ ጣርማ በርም፣ አንኮበርም እንዲሁ።

ብርዱ ደግሞ ያታልላል። ንፋሱ ደረቅ ስለሆነ ላባችን ሳናየው ይተናል። ሸሚዝ አይረጥብም፤ «አላበኝም» እንላለን። ብርድ የውሃ ጥምንም ይቀንሳል። ጋቢ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ሁለት ሰዓት ውሎ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳይጠጣ ይነሳል። ከዚያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ዝለት።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደውስ? ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,500 ሜትር ያላነሰ ቁልቁል ይወረዳል። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ማሾ ለቀማ ወይም ማሽላ አጨዳ የወረደ የደጋ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአገሬው እኩል ልሥራ ካለ ቢዝል አይገርምም። ስንፍና አይደለም፤ ገና አልለመደም።

ከሁሉ በፊት ምን ልጠርጥር?

ውሃና ጨው። ላብ ባዶ ውሃ አይደለም፤ ስንልሰው ጨው ጨው የሚለው ሶዲየም ስላለበት ነው። ጥቂት ፖታሲየምና ማግኒዚየምም አብሮ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ጠንክሮ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ሊያልበው ይችላል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ውሃ ሲጎድል ጉልበትም ትኩረትም መቀነስ ይጀምራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ አንድ ሊትር ከሩብ እንኳን አይሞላም።

ማወቂያው ቀላል ነው። ሽንት ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ፣ መጠኑ ካነሰ፣ ከንፈር ከደረቀ፣ ውሃ አንሷል። ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አይበቃም። በተለይ አረጋውያን ጥሙ ዘግይቶ ነው የሚሰማቸው።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገርላቸውን ሰዎች ላንሳ። ገበያ ላይ ድንች ወይም ሽንኩርት ዘርግተው የሚውሉ እናቶች ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም። ምክንያቱም መጸዳጃ ቤት የለም፤ ቢኖርም ዕቃውን ማን ይጠብቃል? ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአንድ ስኒ ቡና የሚውሉ አሉ። እንዲህ ላለች ሴት «ፀሐይ አይስማማሽም» ማለት ምንም አይጠቅማትም። የሚጠቅማት ጥላና መጸዳጃ ቤት ነው፤ ከጎኗ ያለች ሴት «ሂጂ፣ እኔ አይልሻለሁ» ብትላትም ትልቅ እርዳታ ነው።

አውድማ ላይስ? እነዋሪም ሆነ ምንጃር ጤፍና ስንዴ ሲወቃ ጠላ አይጠፋም። ጠላ ውሃ አለው፤ አልኮልም አለው። አልኮል ሽንት ያበዛል፤ በተለይ ደጋግሞ ሲጠጣ። አረቄማ ጭራሽ ነው። ጠላው ካልቀረ ጎን ለጎን ንጹሕ ውሃ ይኑር።

ለዚህ ችግር ከቤታችን የማይጠፋ ጥሩ ነገር አለ፦ በሶ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ የመንገደኛ ስንቅ ነው። ሦስት አራት ማንኪያ በሶ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት፣ ቁንጥር ጨውና አንድ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር ጣል አድርጉና እስኪቀጥን በጥብጡት። ውሃ አለ፣ ጨው አለ፣ ኃይል ሰጪም አለ። አንጀታችን ስኳርንና ሶዲየምን አንድ ላይ ሲያስገባ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ጤና ጣቢያ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ልኬቱን አታዛቡ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ሁለት ጥንቃቄ። ቀኑን ሙሉ እያላበው ባዶ ውሃ ብቻ በብዛት የሚጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊቀንስ ይችላል፤ እሱም ያደክማል፣ ያቅለሸልሻል። በሌላ በኩል የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጨው አይጨምር። የምንበላው ወጥ ውስጥ ያለው ጨው ለብዙ ሰው ይበቃል። ፖታሲየም ከድንች፣ ከሙዝና ከባቄላ ይገኛል። ማግኒዚየም ደግሞ ሽሮው፣ ጤፉና ገብሱ ውስጥ አለ፤ በጤነኛ ሰው ላይ ብዙም አያሳስብም።

በጾም ሰሞን ለምን ይብሳል?

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚገባውም በበጋው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቀትሩን ባዶ ሆዱን ያሳልፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንም የሚገባው ከሁዳዴ ጋር በተቀራረበ ጊዜ ነው፤ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያለ ሙስሊም ገበሬ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይቀምስም።

የጾም ምግብ ደካማ ነው የሚለውን አልቀበልም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ይህ ጥሩ ማዕድ ነው። የሚያደክመው ሰዓቱና ፀሐይዋ ሲገጣጠሙ ነው። ጉበት ያጠራቀመው ስኳር እየቀነሰ ይሄዳል፣ ውሃ እየጎደለ ነው፣ ልብ ደግሞ ሥራ በዝቶባታል። ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ መግፋት፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ጥላ ማድረግ፣ ማታ ላይ ውሃውን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ መተካት ብዙ ይረዳል። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከሐኪም፣ ከንስሐ አባቷ ወይም ከሼሁ ጋር ትነጋገር። ሃይማኖቶቹም ለታመመ መንገድ አላቸው።

ደም ማነስ ከፀሐይ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ውሃው ተስተካክሎ፣ ቁርሱ ተበልቶ፣ አሁንም ድካሙ ካለ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ደም ማነስ ሲባል ደማችን በሊትር አንሷል ማለት አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ ኦክስጅን የሚሸከመው እሱ ነው። ሄሞግሎቢን የሚሠራው ደግሞ ከብረት ማዕድን ነው፤ ሐኪሞች አይረን ይሉታል። ብረት ሲያንስ ተሸካሚው ያንሳል። ልብ ያንን ለማካካስ ያንኑ ደም ቶሎ ቶሎ ታመላልሳለች። ቤት ውስጥ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ፀሐይ ላይ ግን ከዚያው ደም ላይ ቆዳም ድርሻውን ይጠይቃል። ልብ ሁለቱን ማድረስ ያቅታታል። ትንፋሽ ማጠር፣ ልብ ድው ድው ማለት፣ ጉልበት መክዳት ይመጣል።

ይህ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ ከግማሽ በላዩ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ብረት ያጣሉ። በእርጥብ መሬት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ላይ ደግሞ በቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል አለ፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል።

«እኛ ጤፍ በሊታ ነን፤ ብረት እንዴት ያንሰናል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሲመረመር ከሚገኘው ብረት የተወሰነው አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት አይጠቀምበትም ማለት ይቻላል። ከእህሉ የሆነውንም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። የእናቶቻችን ሁለትና ሦስት ቀን ማቡካት ለጣዕም ብቻ አልነበረም።

ከምንበላው ይልቅ ከምን ጋር እንደምንበላው ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከምሳ እጃችንን ሳንታጠብ ቡናው ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናና ሻይ ከምስሩና ከጎመኑ የሚገኘውን ብረት አስረው ያስቀሩታል። ቡናውን ማንም ተው አይልም። አንድ ሰዓት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ይዘግይ። በተቃራኒው ቪታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ከበያይነቱ ጎን የሚቀመጠው ጥሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣው፣ ሎሚው፣ ከምግብ በኋላ ያለችው ብርቱካን ሥራቸው ይህ ነው። በፍስክ ጉበትና ሥጋ ከሁሉ የተሻለ ብረት ይሰጣሉ።

ቀይ ሥርስ? ጥሩ አትክልት ነው፤ ፎሌት የሚባለውን ቪታሚን ይሰጣል። ብረቱ ግን ጥቂት ነው። ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። ደም ማነስ ያለባትን ሴት በቀይ ሥር ጭማቂ ብቻ ማቆየት ጊዜዋን ማባከን ነው።

ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ነገር አለ። በቀን ብርሃን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ቀይ መሆን አለበት። ነጣ ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀይ ስለሆነ ብቻ ግን ደም ማነስ የለም አይባልም፤ የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች ደም ማነስ ይባላል። ከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ውጤቱን ሲቀበል «ከፍታው ታይቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ሳይመረመሩ የብረት ክኒን መዋጥ ግን ይቅር። በተለይ ወንድ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ደም ካነሰው የሆነ ቦታ እየደማ ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ቁጥሩን ያሻሽልና ጨጓራ ላይ ያለውን ቁስል ወይም እጢ ይደብቀዋል። ቤት ያለውን ክኒን ደግሞ ከልጆች አርቁ፤ ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ሌሎቹ ቪታሚኖችስ?

ቢ12 ከእንስሳት የሚመጡ ምግቦች ላይ ነው ያለው፦ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ አንድ ጾም አያጎድለውም። ዓመቱን ሙሉ ሥጋም ወተትም የማያገኝ ሰው፣ የቆየ የጨጓራ ሕመም ያለበትና ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን ሊጎድለው ይችላል። ድካሙ ላይ የእግር መደንዘዝ፣ ማቃጠልና መርሳት ከተጨመረ ለሐኪም ንገሩ።

ከሁሉም ከፀሐይ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ቢ3 ወይም ኒያሲን ነው። እጥረቱ ፔላግራ የሚባል በሽታ ያመጣል። ፀሐይ የሚነካው ቆዳ፣ አንገት ዙሪያው፣ የእጅ ጀርባው፣ ይጠቁራል፣ ይሻክራል፣ ይላጣል። ድካም፣ ተቅማጥና የአእምሮ መረበሽ ይከተላል። በበቆሎ ወይም በማሽላ ላይ ብቻ በሚኖር ሰውና ምግብ ትቶ አረቄ በሚያዘወትር ሰው ላይ ይታያል። በጊዜ ከታወቀ በቶሎ ይድናል፤ ዝም ከተባለ ይገድላል። በመንደራችሁ እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ «መጠጡ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ቪታሚን ዲ ላይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እሱን የሚሰጠን ፀሐይ ራሷ ናት። እጥረቱ የጡንቻ ድካም ያመጣል፤ የሚያሰጋው ግን ከቤት የማይወጣውንና ሁልጊዜ ተሸፋፍኖ የሚውለውን ነው። ፀሐይ ላይ ስለዋላችሁ አይጎድልም።

ታዲያ ምች የሚባለውስ?

ምች አንድ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ነገር በአንድ ስም ነው የምንጠራው። ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ጠንካራ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል፤ ሰው ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። ራስ ምታቱና ዝለቱ ብዙ ጊዜ የውሃ እጥረት ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር ግን ዳማ ከሴ አሽቶ መተኛት አደጋ አለው። ሸዋ ሮቢትና አካባቢው የወባ አገር ነው። ወባ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለሚነሳ ደጋ ተመልሶ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚታመም አለ። «ቆላ ወርጄ ነበር» ማለትን አትርሱ።

መቼ ልመርመር?

ውሃውን፣ ምግቡንና ሰዓቱን አስተካክላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈና ድካሙ ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድካሙ ጥላ ውስጥም ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አትቆዩ። ፀሐይ ሲነካችሁ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሽፍታ የሚወጣና መገጣጠሚያ የሚያም ከሆነ ነገሩ ከምግብ ውጭ ነው፤ ሉፐስ የሚባል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። የምትወስዱትን መድኃኒትም ተናገሩ። ሽንት የሚያበዙ የግፊት መድኃኒቶች ውሃና ጨው ያስወጣሉ፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል።

አንድ ሁኔታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሰውነቱም እሳት ከሆነ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ጥላ ውስጥ አስገቡት። ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን ሁሉ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ይታነቃል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መኪና እስኪመጣም፣ መንገድ ላይም ማቀዝቀዙን አታቋርጡ።